ከመዝሙር በፊት ድምፅን ስለ ማሟሟቅ

ማናቸውም ሥራ የራሱ መሰናዶ አለው። እንጀራ የምትጋግር ሴት እሳቱን አንድዳ ምጣዱ እስኪግል ድረስ ትጠብቃለች፤ ምጣዱም በጋለ ጊዜ በጎመን ዘር አስሳ ሊጡን ታፈስሳለች። ምጣዱ ሳይግል ሊጡን ያፈሰሰች እንደ ሆነ ግን እንጀራው ከምጣዱ ላይ ይጣበቃል፤ ሊጡም፥ እንጨቱም፥ ድካሙም በከንቱ ይቀራል። ከበሮ የሚመታ ሰው የከበሮው ቆዳ በእርጥበት የላላ እንደ ሆነ ፀሐይ ላይ ያኖረዋል፥ ወይም እሳት ዳር ያሞቀዋል፤ የላላ ቆዳ መልካም ድምፅ አይሰጥምና። መሰንቆ የሚመታ ሰውም አስቀድሞ የጭራውን አውታር ይወጥራል፥ ጆሮውንም አዘንብሎ ያዳምጣል፤ ከዚህ በኋላ ዜማውን ይጀምራል። እነዚህን ሰዎች «ጊዜያችሁን በከንቱ አጠፋችሁ» ብሎ የሚነቅፋቸው የለም።

ነገር ግን ነገሩ የሰው ድምፅ በሆነ ጊዜ ብዙዎች ይህን ጥበብ ይረሱታል። ድምፅ ከሰው ጋራ የተወለደ ስለ ሆነ መሰናዶ የማያስፈልገው ይመስላቸዋል። በብርድ ማለዳ ከሩቅ መንገድ የመጣ ተማሪ ትንፋሹ ሳይመለስ፥ ጕሮሮውም ደርቆ ሳለ፥ ገና በሩን እንደ ገባ ከፍ ባለ ዜማ እንዲዘምር ይታዘዛል። እርሱም ትእዛዙን ለመፈጸም ብሎ ይጮኻል። መዝሙሩ ባለቀ ጊዜ ጕሮሮው ይከረክረዋል፥ ድምፁም ይጐረንናል። ከዚያም ወዲያ «መዝሙር ለእኔ አልተፈጠረም» እያለ ያዝናል። ጥፋቱ ግን ከመዝሙሩ አይደለም፥ ከልጁም ተፈጥሮ አይደለም፤ ያለ መሰናዶ ከመጀመሩ ነው።

ስለዚህ መዝሙር የሚማር ልጅ ሁሉ፥ ድምፁ ያማረም ቢሆን ያላማረም ቢሆን፥ ከመዘመሩ በፊት ጥቂት ደቂቃ ድምፁን ሊያሟሙቅ ይገባዋል። መዝሙር የሚያስተምር መምህርም ይህን ጊዜ ለልጆቹ ሊነፍጋቸው አይገባውም። ድምፅን ማሟሟቅ ማለት ትንፋሽንና ጕሮሮን፥ ከንፈርንና ምላስን በቀስታ ለሥራ ማንቃት ነው። ይህም ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ታላቅ ጥቅም አለው። ጥቅሙንም ለማወቅ አስቀድሞ ድምፅ ከምን እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

የድምፅ መሣሪያ በአንገት ውስጥ ማንቁርት በሚባለው ስፍራ ይገኛል። በማንቁርት ውስጥ እንደ ሁለት ትናንሽ ከንፈሮች ሆነው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የሥጋ እጥፋቶች አሉ፤ እነዚህም የድምፅ አውታሮች ይባላሉ። ርዝመታቸው በአዋቂ ሰው ዘንድ ከ1 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፥ 3 ሳንቲ ሜትር ግን አይሞላም፤ በሕፃን ደግሞ ከዚህ እጅግ ያንሳል። ሰው በጸጥታ ሲተነፍስ እነዚህ አውታሮች ተከፍተው አየርን ያሳልፋሉ። ሊናገር ወይም ሊዘምር ባሰበ ጊዜ ግን ይቀራረባሉ፥ ከሳንባ የሚወጣውም ትንፋሽ ያንቀጠቅጣቸዋል። ከዚህም መንቀጥቀጥ ድምፅ ይወለዳል። ጕሮሮና አፍ አፍንጫም ያን ድምፅ መልክ ይሰጡታል፤ ምላስና ከንፈር ደግሞ ፊደልና ቃል ያደርጉታል።

ድምፅ ወፍራም በሆነ ጊዜ አውታሮቹ ቀስ ብለው ይንቀጠቀጣሉ፤ ቀጭን በሆነ ጊዜ ግን ፈጥነው ይንቀጠቀጣሉ። ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን የሚቃኙበት ላ የሚባል ድምፅ አለ፤ ይህም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 440 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ነው። እንግዲህ አንድ ልጅ ይህን ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቢያዜም አውታሮቹ እርስ በርሳቸው 26,400 ጊዜ ይገናኛሉ ማለት ነው። ሁለት እጆች አንድ ሺህ ጊዜ እንኳ ቢያጨበጭቡ ይቀላሉ፥ ይደክማሉም። እነዚያ ትናንሽ አውታሮች ግን በአንድ መዝሙር ብቻ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ሥራ ይሠራሉ። እንዲህ ያለ ታላቅ ሥራ የሚሠራ ትንሽ አካል በርኅራኄ ሊያዝ ይገባዋል።

ሯጭ የሆነ ሰው ከሩጫው በፊት ቀስ ብሎ ይራመዳል፥ እግሩንም ያፍታታል። ሰው ሰውነቱን ቀስ አድርጎ ሲያንቀሳቅስ ደም ወደ ጡንቻዎቹ በብዛት ይሄዳል፥ ጡንቻዎቹም ይሞቃሉ፥ ይታዘዛሉም። ድምፅንም የሚሠሩት ጡንቻዎች ናቸው፤ የትንፋሽ ጡንቻ አለ፥ የማንቁርት ጡንቻ አለ፥ የምላስና የአገጭ ጡንቻ አለ። እነዚህ ሁሉ በአንድነት ሊሠሩ ይገባቸዋል። ስለዚህ አስቀድሞ የተሟሟቀ ድምፅ ከፍ ወዳለው ዜማ ያለ ግብግብ ይወጣል፤ ያልተሟሟቀው ግን በጕልበት ይወጣል፥ በጕልበትም የወጣ ቶሎ ይደክማል።

ይህ ነገር እውነት እንደ ሆነ ጄኒ ሊንድ የምትባል የስዊድን ዘማሪ ታሪኳ ያስረዳል። ይህች ሴት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1820 ዓ.ም. በስቶክሆልም ከተማ ተወለደች። ገና ሕፃን ሳለች ድምፅዋ እጅግ ያማረ ስለ ነበረ በንጉሡ ቴያትር ቤት በሚገኘው ትምህርት ቤት ገብታ እንድትማር ተደረገ። በ1838 ዓ.ም. በታላቅ መድረክ ላይ ዘመረች፥ ሕዝቡም እጅግ አደነቃት። ከዚህም በኋላ ዕረፍት ሳታገኝ በየጊዜው ትዘምር ነበር። ሰዎች ዝማሬዋን ወደዱ፤ ድምፅዋን ግን የጠበቀላት አልነበረም። ሃያ ዓመት በሆናት ጊዜ ድምፅዋ ደከመ፥ ጐረነነም።

በ1841 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ሄደችና ማኑኤል ጋርሲያ ወደሚባለው ወደ ታወቀው የዝማሬ መምህር ደረሰች። መምህሩም በሰማት ጊዜ ድምፅዋ ከብዙ ድካም የተነሣ ሊጠፋ እንደ ቀረበ ተረዳ። ስለዚህ ወዲያው ሊያስተምራት አልወደደም፤ ይልቁንም ስድስት ሳምንት ያህል እንዳትዘምር፥ ንግግርም እንዳታበዛ አዘዛት። በሀገሯ የታወቀች፥ የንጉሥም ዘማሪ ተብላ የተሾመች ሴት ዝም በይ ተብላ ስትታዘዝ ነገሩ ምን ያህል የከበዳት ይሆን? ነገር ግን ትእዛዙን ፈጸመች። ወደ መምህሩ በተመለሰች ጊዜም የተሰጣት ትምህርት ታላላቅ መዝሙር አልነበረም። እንደ ጀማሪ ሕፃን ድምፅን ቀስ አድርጎ ከታች ወደ ላይ ማውጣት፥ ከላይም ወደ ታች ማውረድ ነበረ። እርስዋም ሁሉን ከመጀመሪያው እንደ ገና መማር እንዳለባት በደብዳቤዋ ጽፋለች።

አሥር ወር ያህል እንዲህ ከተማረች በኋላ በ1842 ዓ.ም. ወደ ሀገሯ ተመለሰች። ድምፅዋም ከቀድሞው ይልቅ አምሮ ነበር። በጀርመንና በእንግሊዝ፥ ከ1850 ዓ.ም. ጀምሮም በአሜሪካ ዘመረች፤ ሰዎችም በዜማዋ በታወቀች ወፍ ስም ይጠሯት ነበር። ከዝማሬዋ ካገኘችውም ገንዘብ ብዙውን ለበጎ ሥራ ሰጠች፥ በሀገሯ ለሚገኙ የድኾች ልጆች ትምህርት ቤቶችም አዋለችው። እንግዲህ በ1841 ዓ.ም. ትዕቢት ይዟት «እኔ ታዋቂ ዘማሪ ነኝ፤ እንደ ጀማሪ አልለማመድም» ብላ ቢሆን ኖሮ ድምፅዋ በጠፋ ነበር፤ ከድምፅዋም ጋራ ብዙ ሰዎች ያገኙት በጎ ነገር በጠፋ ነበር። አንዲት ሴት ዝቅ ብላ በመማሯ እርስዋን አይተው የማያውቁ ልጆች ፊደል ለመማር በቁ።

ያው መምህር ጋርሲያ ለዓለም ሌላ ጥቅም አድርጓል። በ1854 ዓ.ም. የጥርስ ሐኪም የሚሠራበትን እጀታው ረጅም የሆነ ትንሽ መስተዋት ወደ ጕሮሮው አስገብቶ፥ በሌላም መስተዋት የፀሐይን ብርሃን ወደዚያ መልሶ፥ የገዛ ራሱን የድምፅ አውታሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ በዐይኑ አየ። በማግስቱም ዓመት ያየውን ነገር በለንደን በሚገኘው በንጉሣዊው የሊቃውንት ማኅበር ፊት አስነበበ። ዛሬ ሐኪሞች ጫፉ ላይ ብርሃን ባለው ቀጭን መሣሪያ ማንቁርትን ይመረምራሉ፤ የዚህ ሥራ መንገድ የተጠረገው ግን በአንድ የዝማሬ መምህር ትጋት ነው። እርሱም 101 ዓመት ኖሮ በ1906 ዓ.ም. ሞተ።

ድምፅን ማሟሟቅን የሚነቅፉ ሰዎች ግን ልዩ ልዩ ምክንያት ያመጣሉ። አንዳንዶቹ «ወፍ ማንም ሳያስተምራት፥ ሳትለማመድም ትዘምራለች፤ ሰውም እንዲሁ ከተፈጥሮው ይዘምር» ይላሉ። ይህ ቃል ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። ዴንስ ባሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ ስለ ወፎች ዜማ መርምሮ በ1773 ዓ.ም. ጽፏል፤ ከእርሱም በኋላ ብዙ ሊቃውንት ይህን ነገር መርምረዋል። የሚዘምሩ ወፎች ጫጩት አስቀድሞ የታላላቆቹን ዜማ ያደምጣል። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፥ የተቈራረጠና ያልተስተካከለ ዜማ ይሞክራል፤ ይህም አፍ መፍታት የጀመረ ሕፃን እንደሚንተባተብ ያለ ነው። ብዙ ቀን ከሞከረ በኋላ ዜማው ይስተካከላል። እንግዲህ ወፍ እንኳ ሳትለማመድ አትዘምርም። ወፍን ለስንፍናው ምስክር አድርጎ የሚጠራ ሰው ምስክሯ መልሳ ትመሰክርበታለች።

ሌሎችም «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው እንጂ ጕሮሮን አይደለም፤ በመዝሙር ጊዜ ስለ ድምፅ ማሰብ ትዕቢት ነው» ይላሉ። እግዚአብሔር ልብን እንደሚያይ እውነት ነው። ነገር ግን ልቡ የቀና ሰው የተሰጠውን ነገር አያበላሽም። ድምፅ እንደ ዐይንና እንደ እጅ ከፈጣሪ የተሰጠ አደራ ነው፤ አደራንም መጠበቅ ትዕቢት አይባልም። በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈ ንጉሥ ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት የለያቸው፥ ዝማሬን የተማሩ ሰዎች ቍጥራቸው 288 ነበረ። በእነርሱም መካከል ታላቁና ታናሹ፥ መምህሩና ደቀ መዝሙሩ በአንድነት ዕጣ ይጣጣሉ ነበር። ዳዊት ራሱ በገና የሚደረድር ሲሆን ስለ ዝማሬ ትምህርት እንዲህ ከተጠነቀቀ፥ ትምህርትና መሰናዶ ከእምነት ጋራ እንደማይጣሉ የታወቀ ነው።

ደግሞም «ጊዜ የለም» የሚሉ አሉ። የማሟሟቅ ልምምድ ግን ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቢሆን ለጀማሪ ይበቃዋል። ለሁሉ ሰው አንድ ልክ የለም፤ አንዱ ቶሎ ይሟሟቃል፥ ሌላው ይዘገያል፤ ብርድ በሆነ ጊዜም ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። አምስት ደቂቃ የነፈገ ሰው ድምፁ የጐረነነ እንደ ሆነ ብዙ ቀን ዝም ሊል ግድ ይሆንበታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

እንግዲህ ድምፅን የማሟሟቅ ሥርዐት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ተማሪው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እግሮቹን ጥቂት ያራርቃል፥ ትከሻውንም ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሶ ያላላዋል። አንገቱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ቀስ አድርጎ ያዞራል። እንደ ወታደር የተገተረ ሰውነት ትንፋሽን ያስራል፤ እንደ ደከመ ሽማግሌ የጐበጠም ሰውነት ለትንፋሽ ስፍራ አይሰጥም። መልካሙ ከሁለቱ መካከል ያለው ነው።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። ከሳንባ በታች፥ ደረትን ከሆድ የሚለይ እንደ መጋረጃ የተዘረጋ ጡንቻ አለ። ሰው ወደ ውስጥ ሲተነፍስ ይህ ጡንቻ ወደ ታች ይወርዳል፥ ሆድም ጥቂት ወደ ፊት ይገፋል። ተማሪው እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ እስከ አራት በመቍጠር አየር ያስገባል፥ ትከሻው ግን አይነሣም። ከዚህም በኋላ ጥርሱን ገጥሞ «ስ» እያሰኘ እስከ ስምንት በመቍጠር አየሩን በልክ ያወጣል። የሚወጣው አየር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል እንዲሆን ይጠንቀቅ። ገንዘቡን በመጀመሪያው ቀን ያጠፋ መንገደኛ በመንገድ ላይ እንደሚራብ፥ ትንፋሹን በመጀመሪያው ቃል ላይ የጨረሰ ዘማሪም ከመዝሙሩ መካከል ይቆማል።

ሦስተኛው ማንጎራጎር ነው። ከንፈርን ገጥሞ፥ ጥርስን ግን ሳይገጥሙ፥ ዝቅ ባለና በሚመች ድምፅ «ም» ማለት ነው። ከንፈርና አፍንጫ አካባቢ የመንዘር ስሜት ቢሰማው መልካም ምልክት ነው፤ ጕሮሮው ቢጨነቅ ግን ድምፁን ይቀንስ። ከዚህ ቀጥሎ ፈረስ ሲያናፋ እንደሚያደርገው ከንፈሩን በትንፋሽ እያርገበገበ ድምፅ ያውጣ። ልጆች ይህን ሲያደርጉ ይሥቃሉ፤ ቢሥቁም ጥፋት የለበትም። ይህ ልምምድ ትንፋሽን በልክ ማውጣትን ያስተምራል፤ ትንፋሹ የተቋረጠ እንደ ሆነ ከንፈሩ መርገብገቡን ያቆማልና ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል።

አራተኛው ድምፅን ያለ መቋረጥ ከታች ወደ ላይ ማንሸራተት ነው። የጅብ ጩኸት ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ እንደሚወጣ ሁሉ፥ ተማሪው «ኡ» እያለ ከወፍራሙ ድምፅ ተነሥቶ ወደ ቀጭኑ ይወጣል፥ ተመልሶም ይወርዳል። ነገር ግን ለስላሳ አድርጎ እንጂ እንደ ጅቡ አስፈሪ አድርጎ አይሁን።

አምስተኛው አምስት ድምፆችን በተራ መውጣትና መውረድ ነው፤ ይኸውም ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ብሎ መውጣት፥ ፋ ሚ ሬ ዶ ብሎ መውረድ ነው። አንድ ጊዜ ከተፈጸመ በኋላ መነሻውን ጥቂት ከፍ አድርጎ ይደግማል። ፊደል የቈጠረ ልጅ ለዚህ ልምምድ ሩቅ መፈለግ አያስፈልገውም። የመ ቤት ሰባቱ ፊደላት መ፥ ሙ፥ ሚ፥ ማ፥ ሜ፥ ም፥ ሞ አፍን በየዓይነቱ ይከፍታሉ፥ ይዘጋሉም። በአንድ ድምፅ ላይ እነዚህን ሰባቱን በተራ ያዜመ ልጅ ከንፈሩንና አገጩን ለመዝሙር ቃል ያሰናዳል። እንዲህም ሲያደርግ ፊደል ለማንበብ ብቻ ሳይሆን ለማዜምም እንደሚረዳ ይገነዘባል።

ከዚህ ሁሉ ሥርዐት የሚበልጥ አንድ ደንብ አለ፤ እርሱም ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው፥ ከለስላሳው ወደ ብርቱው መሄድ ነው። በብርቱ የጀመረ ወዴትም አይጨምርም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ምሳሌ ለዘማሪም የተነገረ ነው።

በዚህ ላይ ጥቂት ማስጠንቀቂያ ይጨመራል። ጕሮሮውን ያመመው ልጅ ልምምዱን ወዲያው ይተው፤ ሕመም መምህር ነውና ሊሰማ ይገባዋል። ድምፁ የጐረነነ ልጅ አይዘምር፥ አይጩኽም። በኃይል ማንሾካሾክም ዕረፍት አይደለም፤ እርሱም ጕሮሮን ሊያደክም ይችላልና። ጕርናናው ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ እንደ ሆነ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ውሃም መጠጣት ይጠቅማል። የሚጠጣ ውሃ በምግብ ቧንቧ ይወርዳል እንጂ የድምፅ አውታሮችን አይነካም፤ ነገር ግን ሰውነት ሁሉ ውሃ ሲያገኝ አውታሮቹም ይረጥባሉ፥ ይለሰልሳሉም። ጢስ ግን ያደርቃቸዋል፥ ያቈስላቸዋልም።

ወንዶች ልጆች ከ12 ዓመት ጀምሮ እስከ 15 ወይም ከዚያ በላይ ባለው ዘመን ማንቁርታቸው ፈጥኖ ያድጋል፥ አውታሮቻቸውም ይረዝማሉ፥ ይወፍራሉም። በዚያ ጊዜ ድምፃቸው አንድ ጊዜ ቀጭን፥ አንድ ጊዜ ወፍራም ይሆናል፥ ይሰበራልም። ይህ በሽታ አይደለም፥ የማደግ ምልክት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ጓደኞቹ ሊሥቁበት አይገባም። የተሣቀበት ልጅ መዝሙርን እስከ ሞቱ ድረስ ሊተው ይችላል፤ ጥቂት ወራት የታገሡት ልጅ ግን አዲስ ድምፅ ይዞ ይመለሳል። በእነዚያ ወራት ከፍ ያለውን ዜማ ትቶ ዝቅ ባለው ላይ ቀስ አድርጎ ድምፁን ያሟሙቅ።

በዚህ ነገር ከልጆች ይልቅ ታላላቆች የሚወቀሱበት ጊዜ አለ። እንግዳ ወደ ትምህርት ቤት በመጣ ጊዜ፥ ወይም በበዓል ቀን፥ «ጮክ በሉ! አሁንም ጮክ በሉ!» የሚል መምህር ይገኛል። ከሁሉ ይልቅ የጮኸው ልጅ ይመሰገናል፥ በልክ የዘመረው ግን እንደ ሰነፍ ይቈጠራል። ይህ ፍርድ የተጣመመ ነው። ጩኸት መዝሙር አይደለም። በማኅበር ውስጥ የሚዘምር ሰው የባልንጀራውን ድምፅ ሊሰማ ይገባዋል፤ የባልንጀራውን ድምፅ የማይሰማ እንደ ሆነ እጅግ መጮኹን ይወቅ። እንግዳው ሄዶ ምስጋናው በተረሳ ጊዜ የልጁ ጕሮሮ ገና እንደ ቈሰለ ይቀራል። የልጅን ድምፅ ለአንድ ቀን ክብር የሚያወጣ መምህር ሊዘራ ያስቀመጠውን እህል እንደሚበላ ገበሬ ነው።

እርግጥ ነው፥ ድምፅን ማሟሟቅ ብቻውን ዘማሪ አያደርግም። ምጣድ ስለ ጋለ ብቻ እንጀራ አይገኝም፤ ሊጡ ያስፈልጋል፥ የጋጋሪዋም እጅ ያስፈልጋል። እንዲሁም ዜማውን ማጥናት፥ ቃሉን መረዳት፥ መምህርን ማድመጥ ይቀራል። ነገር ግን ያለዚህ መሰናዶ የተቀረው ሁሉ ይበላሻል።

በኢትዮጵያ ምድር ዜማን የሚማር ሰው የቅዱስ ያሬድን ስም ያውቃል። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው፥ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን የዜማ ዓይነቶች የሰጠው እርሱ እንደ ሆነ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይናገራል። ይኸው ትውፊት እንደሚለው ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት ስለ ጸናበት ሸሽቶ ሲሄድ፥ አንድ ትል ፍሬ ሊበላ ወደ ዛፍ ሲወጣ፥ እየወደቀም እንደ ገና ሲነሣ በመጨረሻም ሲደርስ አየና ወደ መምህሩ ተመለሰ። ይህን ታሪክ ልጆች ሁሉ ሰምተውታል። ነገር ግን ብዙዎች ትሉ ከዛፉ ላይ መድረሱን ብቻ ያስባሉ፤ ዘወትር ከግንዱ ሥር መጀመሩን አያስተውሉም። ትሉ በወደቀ ቍጥር ከግማሽ ላይ አልጀመረም፤ ከታች ጀመረ። ዘማሪም ትናንት ምንም ያህል ከፍ ብሎ ቢዘምር ዛሬ ከታች ይጀምራል፤ ነገም ከታች ይጀምራል።

ይህ ልማድ ከመዝሙር ቤት ውጭም ይጠቅማል። ከመናገሩ በፊት ትንፋሹን የሚሰበስብ ልጅ በቍጣ ክፉ ቃል ከመናገር ይድናል። ከመጻፉ በፊት ብርዑን የሚያሰናዳ ልጅ ወረቀቱን አያቈሽሽም። ከመዋስ በፊት መክፈያውን የሚያስብ ሰው በዕዳ አይያዝም። መሰናዶን የናቀ ሰው ግን በማናቸውም ሥራ ላይ ድካሙ ይበዛል፥ ፍሬውም ያንሳል።

መዝሙር የሚሰሙ ሰዎች የዘማሪውን መሰናዶ አያዩም። በጓዳ የተደረገውን «ም» ማለትና ከንፈር ማርገብገብ ማንም አያመሰግነውም፤ የሚመሰገነው በአደባባይ የተሰማው ዜማ ነው። ሆኖም ሥሩ ከመሬት በታች ተሰውሮ ሳለ ዛፉን የሚያቆመው እርሱ እንደ ሆነ ሁሉ፥ መዝሙርንም የሚያቆመው ያ ያልታየው ሥራ ነው። ማንም ሳያየው ትንሹን ሥራ በትጋት የሚሠራ ልጅ፥ ጊዜው በደረሰ ቀን በሰው ሁሉ ፊት ድምፁ አይከዳውም።